ባሕርን ቢቸና ላይ ማጥለል

ባሕር አይቼ አላውቅም። ስለ ባሕር ግን አሥራ አንድ ግጥም ጽፌያለሁ። አሥራ አንዱንም ያነበበቻቸው አንዲት ሰው ብቻ ናት፤ እሷም የመጨረሻውን ገጽ ገልብጣ «ቆንጆ ነው፤ ግን ባሕር እኮ ይሸታል» አለችኝ። በአሥራ አንዱ ግጥም ውስጥ ባሕሩ ይዘምራል፣ ያለቅሳል፣ ይቆጣል፣ አንድ ቦታ ላይ እንዲያውም ይጸጸታል። አንድም ቦታ አይሸትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ በማላውቀው ነገር ገብቼ ላልናገር ማልሁ። መሐላዬ የቆየው የዓሣው ውሃ ማጣሪያ እስኪቃጠል ድረስ ነው።

አንባቢዬ ስንዱ ናት፤ የአከራዬ የእትዬ የውብዳር ልጅ። ጅቡቲ ሰው ቤት ስድስት ዓመት ሠርታ ነው የተመለሰችው። ሰው ከውጭ ሲመለስ የቢቸና ሰው አፉ «እንኳን ደህና ገባሽ» ይላል፣ ዓይኑ ወደ ሻንጣው ይሄዳል። ስንዱ ይዛ የመጣችው በብርድ ልብስ የተጠቀለለ የመስተዋት ሣጥን፣ አንድ ጆንያ የባሕር ጨውና አንድ ቢጫ ጀሪካን ነበር። ጀሪካኑ ከጅቡቲ ሲነሣ በውስጡ ሦስት ዓሦች ነበሩ። አሠሪዎቿ አገሩን ለቀው ሲሄዱ «ያሳደግሻቸው አንቺ ነሽ፣ ላንቺ ይሁኑ» ብለው ትተውላት ሄዱ። ሌላም ነገር ሊተዉላት ይችሉ ነበር። አንደኛው ዓሣ አዋሽ ላይ በሙቀት ሞተ። ሁለተኛው የአባይን በረሃ ሲወጡ ሞተ፤ እዚያ ዳገት ላይ እንኳን ዓሣ መኪናም ይሞታል። ደጀን ላይ ከአንዱ መኪና ወደ ሌላው ሲዛወሩ የሣጥኑ ጠርዝ ተሸረፈ። ቢቸና የገባው አንድ ዓሣ ብቻ ነው፤ ጣት የሚያህል፣ ብርቱካንማ፣ ሦስት ቦታ በነጭ መቀነት የታጠቀ። ስንዱ «ጓዴ» ትለዋለች።

እትዬ የውብዳር ጠላ ይሸጣሉ። የእሳቸውን ጠላ የለመደ ሰው ሌላ ቤት ሲጠጣ እየተደበቀ ነው። ደህና ሶኬት ያለው በጠላ ቤቱ ጥግ ብቻ ስለሆነ ሣጥኑ የተቀመጠው እዚያው ነው። ስለዚህ ዓሣው ከጅቡቲ ባሕር ወጥቶ፣ ስንት በረሃ አቋርጦ፣ መጨረሻው የቢቸና ሰካራም ሲያፈጥበት መዋል ሆነ። እኔም ተምሬ መጨረሻዬ ከዚህ ብዙ ስላልራቀ አዘንሁለት።

«እትዬ የውብዳር፣ ይኼ ቴሌቪዥን ሌላ ጣቢያ የለውም?» ይላል አንዱ።

«ዕድሜ ልኩን በጨው ተዘፍዝፎ የኖረ ነው፤ የቀረው እሳት ብቻ ነው» ይላል ሌላው።

መሪጌታ ከቅዳሴ መልስ አንድ ጣሳ ብቻ ጠጥተው የሚሄዱ ሰው ናቸው፤ አንድ ጣሳ የሚሏት ግን ሦስት ጊዜ ትሞላለች። እሳቸውም ሣጥኑን ትክ ብለው አይተው፣ «እኔ ሰባት ዓመት ቅኔ ስማር የኖርሁት ከዚህ በማትሻል ጎጆ ነው። ውሃዬን ያጠራልኝ አልነበረም» አሉ።

እትዬ የውብዳር ለዓሣው ጥብቅና አይቆሙም። «የሌላው ሰው ልጅ ሄዳ ቤት ትሠራለች» ይላሉ ጣሳ እያጠቡ። «የእኔዋ ሄዳ እኔን ከዓሣ ጋር አዳብላኝ መጣች።» ስንዱ ይህን ስትሰማ ዝም ትላለች። ስድስት ዓመት ሰው ቤት የሠራች ሰው ዝም ማለት ታውቅበታለች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እኔና እሷ ግቢው ውስጥ ተቀምጠን ስልኳ ጮኸ። ጅቡቲ የቀረች ጓደኛዋ ነበረች። የሴትዮዋ ድምፅ ከስልኩ አልፎ እኔ ጋ ይደርሳል።

«ቤት አግኝቼልሻለሁ። ደህና ሰዎች ናቸው። ነይ እንጂ።»

«ጓዴን ለማን ትቼ?»

«ዓሣ ነው እኮ፣ ስንዱ!»

«አዎ፣ ዓሣ ነው» አለችና ዘጋችው። ከዚያ ለእኔ ይሁን ለራሷ ሳይታወቅ እንዲህ አለች፤ «ያን መንገድ ሁለተኛ አይችለውም። እዚህ ደግሞ እሱን የሚያውቅልኝ ሰው የለም። እሱ እስካለ እኔም አለሁ። ከሞተ ግን ምን ይዞኝ እቀመጣለሁ? ሥራ እንደሆነ ፈልጌ ፈልጌ አጣሁ።»

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ በዓለም ላይ ካሉ ፍጥረታት ሁሉ የዚያን ዓሣ ጤና እንደኔ የሚከታተል አልነበረም። ጠዋት ስነሣ ፊቴን ሳልታጠብ እሱን አያለሁ። ሲያዛጋ ከመሰለኝ እሰጋለሁ። ለምን ስንዱ እንድትቀር እንደፈለግሁ አትጠይቁኝ። አሥራ ሁለተኛው ግጥሜ ስለ ባሕር አይደለም፤ ይኼ ይበቃችኋል።

መብራት ሦስት ቀን ጠፍቶ ሰነበተ። በእንዲህ ያለ ጊዜ ስንዱ ሣጥኑን በጋቢ ጠቅልላ፣ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ አየር መንፊያ ታስገባለታለች። የቢቸና ብርድ ለእኛም አይሆን፤ ለባሕር ዓሣማ አስቡት። በአራተኛው ቀን መብራቱ መጣ፤ ሲመጣ ግን በሰላም አልመጣም። አምፖሉ እንደ ፀሐይ ቦግ አለ፣ የጎረቤት ሬዲዮ ጮኾ ዝም አለ፣ የሣጥኑን ውሃ የሚያጠራው ማጣሪያም የተቃጠለ ጎማ ሸቶ አረፈ።

ማጣሪያ የሌለው የዓሣ ሣጥን ምን እንደሚመስል ጠላ ቤት ላደገ ሰው ለማስረዳት አያስቸግርም። ጉሽ ይመስላል። የምግቡ ፍርፋሪ፣ የዓሣው ኩስ፣ ከወለሉ ድንጋይ የረገፈው ነገር ሁሉ ይንሳፈፋል። በመካከሉ ያ ብርቱካንማ ነገር መንገድ እንደጠፋበት ሰው ወዲያና ወዲህ ይላል። ስንዱ በየሦስት ሰዓቱ ትንሽ ውሃ እየቀዳች ታወጣለች፣ በጨው የበጠበጠችውን ንጹሕ ውሃ ትጨምራለች፤ ከሣጥኑ አጠገብ ከሦስት ሰዓት በላይ መራቅ አልቻለችም።

እኔ ዝም ብዬ ማየት አልሆነልኝም። እናትና ልጅ ገበያ በወጡበት የእትዬ የውብዳርን የጠላ ማጥለያ አንሥቼ ውሃውን በጣሳ እየቀዳሁ አጠለልሁት። ዓሣውንም አንድ ጊዜ አጥልዬዋለሁ፤ በስሕተት። ማጥለያውን አለቅልቄ ወደ ቦታው መለስሁ፤ ደህና አላለቀለቅሁትም መሰለኝ። በማግስቱ መሪጌታ ጣሳቸውን ቀመሱና፣ «የውብዳር፣ ዛሬ ጠላሽ ዕንባ ዕንባ ይላል። ምን ሆነሻል?» አሉ። እትዬ የውብዳር ራሳቸው ቀምሰው፣ ማጥለያውን አሽትተው፣ ቀጥታ እኔን አዩኝ። ቤት ኪራይ ሳቆይባቸው እንኳ እንደዚያ አይተውኝ አያውቁም።

ስንዱ ከዚህ በኋላ አዘነችልኝ መሰለኝ ወረቀት አምጥታ የምገዛውን ማጣሪያ ዓይነት ጻፈችልኝ። ሞጣ ላይ አንድ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ አለ፤ ባለቤቱ በአንድ ወቅት ለሆቴል የዓሣ ሣጥን ዕቃ አስመጥቶ ነበር ሲባል ሰምተናል። ወረቀቱ ላይ ያለው ይህ ነው። ማጣሪያው ሣጥኑ ውስጥ ያለውን ውሃ በሰዓት ቢያንስ አራት አምስት ጊዜ የሚያዞር ይሁን። ቆሻሻውን አስቀድሞ የሚይዝ ስፖንጅ፣ ከሱ ቀጥሎ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው የሸክላ ድንጋይ መያዣ ይኑረው። ጨው ስለሚበላው ውሃ የሚነካው ብረት አይኑረው። መጨረሻው መስመር ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል፤ «ሳሙናም ሆነ ሽታ ያለው ማንኛውም ነገር እንዳይነካው።»

መንገዱ ክፍት ነው በተባለ ቀን በጠዋት መናኸሪያ ሄድሁ። ሚኒባሱ እስኪሞላ ቢቸና ላይ ፀሐይ ወጣች። አጠገቤ የተቀመጡ እናት ጉንደ ወይን እስክንደርስ የእርሻውን፣ የልጆቻቸውን፣ የጉልበታቸውን ነገር ነገሩኝና ተራው የእኔ ሆነ።

«አንተስ ልጄ፣ ሞጣ ምን ልታደርግ ነው?»

«የዓሣ ማጣሪያ ልገዛ።»

«የምን?»

«የዓሣ። ዓሣው የሚኖርበትን ውሃ የሚያጠራ።»

ከዚያ እጄን መታ መታ አድርገው «እግዜር ይማርህ፤ ጸበሉን ግን አዘውትር» አሉኝ። ከጉንደ ወይን ወዲያ ማንም አላናገረኝም። ፀጥታ ስላገኘሁ የስንዱን ወረቀት ገልብጬ ጀርባው ላይ ግጥም ጀመርሁ። መንገዱ ኮረኮንች ስለሆነ ስንኙ ሁሉ ዘለለ።

የሞጣው ባለሱቅ ጥርሱን እየፋቀ ተቀበለኝ።

«ዓሣህ ስንት ነው?»

«አንድ።»

«አንድ ኪሎ?»

«አንድ ፍሬ።»

«ለአንድ ፍሬ ዓሣ ነው ከቢቸና ድረስ የመጣኸው?»

«የባሕር ዓሣ ነው» አልሁ፣ ክብሩን ለማስጠበቅ።

«እንግዲያስ ይለያል» አለና ከጓዳ ሦስት አቧራ የለበሱ ማጣሪያዎች አውጥቶ ደረደረልኝ። የሆቴሉ ናቸው። ባለሆቴሉ ሣጥኑን አሠርቶ ዓሣ አስገብቶ እንግዳ ሲያስደንቅ ቆየና፣ አንድ ቀን ብዙ ሰው መጥቶበት ወጥ ቤት ውስጥ ያለው አለቀ። «ዓሣዎቹን ጠበሳቸው። ማጣሪያዎቹን መለሰልኝ» አለኝ ባለሱቁ። ለአፍታ ሁለታችንም ራሳችንን ዝቅ አደረግን።

የመጀመሪያው ማጣሪያ ሣጥኑ ጠርዝ ላይ የሚንጠለጠል ነው፤ ውሃውን ከታች ስቦ እንደ ፏፏቴ መልሶ ያፈሰዋል። ወደድሁት። ፏፏቴ የማይወድ ገጣሚ የለም። ግን የእኛ ሣጥን ጠርዝ ደጀን ላይ ተሸርፏል፤ ቢንጠለጠል ከነሣጥኑ መሬት ላይ ነው የምናገኘው። ሁለተኛው ውሃው ውስጥ ሰጥሞ የሚሠራ፣ ክርን የሚያህል ነገር ነው፤ የሣጥኑን ሩብ ይወስዳል፣ ዓሣው በአንድ ክፍል ከደባል ጋር ሊኖር ነው። ብሎኖቹን በማግኔት ስነካቸው ደግሞ ተለጠፉ፤ ብረት ናቸው።

«ጨው ውሃ ነው ያልኸኝ?» አለ ባለሱቁ። «ያ ከሆነ በፋሲካ ዝገት ነው የምትበላው።»

ሦስተኛው ከሣጥኑ ውጭ፣ ታች መሬት ላይ የሚቀመጥ ባልዲ የመሰለ ክዳናም ዕቃ ነው። በአንዱ ቱቦ ጉሹን ይወስዳል፣ በስፖንጅና በሸክላ ድንጋይ ያሳልፈዋል፣ በሌላው ቱቦ የጠራውን ይመልሳል። ብረት አልነካውም። ጉልበቱም ከበቂ በላይ ነው። ያገለገለ ስለሆነ ውስጡ የደረቀ ጭቃ ይሸታል እንጂ እንከን አላገኘሁበትም። ወረቀቱን አውጥቼ መስመር በመስመር አመሳከርሁ፤ የመጨረሻውን መስመር ሳልደርስ ሚኒባሱ ሊወጣ ነው ተባለ። ወረቀቱን ኪሴ ከትቼ ሮጥሁ። በሕይወቴ አንድ ነገር በትክክል የመረጥሁ መሰለኝ። እውነትም መርጬ ነበር፤ ጉዱም ያ ነው።

ቢቸና ስደርስ ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። ስንዱ ድንገት የጎረቤት ለቅሶ ተነግሯት ወጥታለች። ጠላ ቤቱም በለቅሶው ምክንያት ጭር ብሏል። እትዬ የውብዳር ብቻቸውን ደጃፍ ተቀምጠው ጌሾ ይለቅማሉ። የታቀፍሁትን ሲያዩ ፊታቸውን አዞሩ።

«ደግሞ ሌላ ዕቃ መጣ? ያ ዓሣ አንድ ቀን አፈር በበላ!»

እዚህ ላይ ዝም ብል ኖሮ ይህ ወግ አይጻፍም ነበር። ግን ድካምም ነበረብኝ፣ የሚኒባሱም ግጥም ገና አልበረደልኝም።

«እትዬ፣ እንደዚያ አይበሉ። ስንዱን ቢቸና ያቆያት እሱ ነው። ጅቡቲ ሥራ ተገኝቶላት ‹እሱ እስካለ አልሄድም› ብላ የቀረችው ለሱ ብላ ነው።»

እጃቸው ጌሾው ላይ ቆመ። ወደ ሣጥኑ ዞረው አዩ፤ ከመጣ ጀምሮ በቅጡ ሲያዩት ያን ቀን የመጀመሪያቸው ይመስለኛል። «ምነው እስከዛሬ ሳትነግረኝ?» አሉ። ከዚያ ተነሡ። ቀሚሳቸውን አራገፉ። «ይኼ የያዝኸው ምንድን ነው?»

ስንዱ ብትሆን «ማጣሪያ ነው፣ አትንኪው» ትላቸው ነበር። እኔ ግን ገጣሚ ነኝ፤ ነገር ሳልመስል አላድርም።

«እትዬ፣ ይህ ማለት ለዓሣው ልክ እንደ እርስዎ ጋን ነው። እሱ የሚጠጣው ከዚህ የሚወጣውን ነው።»

«እንደ ጋን?»

«እንደ ጋን!»

ምሳሌው በጣም ስለጣመኝ ሳይጠፋብኝ ልጽፈው ወደ ክፍሌ ገባሁ። ከአጠገባቸው ስሄድም «ትንሽ ለቅለቅ ያድርጉልኝ፣ ስንዱ ስትመጣ ውሃው ጠርቶ ይጠብቃት» ብያቸው ነው። ከዚያ አንድ ሰዓት ሙሉ ለ«ጋን» ቤት መምቻ ስፈልግ ቆየሁ።

አሁን እስቲ ፍረዱኝ። ለእንግዳ መጠጥ የሚቀዳበት ዕቃ ተሰጥቷቸው፣ ዕቃውም ጭቃ እየሸተተ፣ የጎጃም ባለጠላ ምን ታደርጋለች? በውሃ ለቅለቅ አድርጋ ትተወዋለች? እትዬ የውብዳር ከአጥሩ ሥር ግራዋ ቀጠፉ። ማጣሪያውን ከውስጥ ከውጭ፣ ቱቦውን ሳይቀር፣ አረንጓዴ አረፋ እስኪያወጣ ፈተጉት። ስንዱ ከተቃጠለው ማጣሪያ አውጥታ በዓሣው ውሃ ውስጥ በባልዲ ያኖረችውን አሮጌ ስፖንጅ አዩ፤ ቡናማ ነው፣ ያሟልጫል። «ይኼን ቆሻሻ ደግሞ!» ብለው እሱንም ፈትገው እንደ ጥጥ አነጡት። ቀጥሎ ወይራ አቀጣጠሉ። ፕላስቲክ መሆኑን አይተው ከፍ አድርገው ነው ያጠኑት፤ ሙያቸውን አትጠራጠሩ። የሸክላ ድንጋዮቹንም አንድ በአንድ ጭሱ ላይ አሳለፏቸው። ሸክላ ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ ጭስ ሲወድ።

ከክፍሌ ስወጣ ግቢው በወይራ ታውዷል። ሸተተኝና ደስ አለኝ። ሞኝ እንዴት ደስ ይለዋል ብትሉ እንደዚያ ነው።

ሁለታችን ገጠምነው። ሶኬቱን ሰካሁ። ማጣሪያው ጉርምርም አለና ውሃው መዞር ጀመረ። ፍርፋሪው በቱቦው እየተሳበ ሲገባ ባይናችን አየነው፤ እትዬ የውብዳር አጨበጨቡ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሣጥኑ ውስጥ አንድ ጉድፍ አልቀረም። ውሃው ግን ትንሽ ወርቅማ ሆነ፤ ላዩ ላይ ነጭ አረፋ ዳር ዳሩን ከበበ። ዓሣው ወደ ላይ ወጥቶ አፉን ከውሃው በላይ ከፈት ዘጋ ያደርጋል።

«ደስ ብሎት ነው?» አሉኝ።

«ይመስለኛል» አልኋቸው።

ስንዱ የመጣችው ያኔ ነው። ደጃፉ ላይ ቆመችና አሸተተች። የለቅሶ ነጠላዋን እንኳ አላወረደችም።

«ማን ነው ያጠነው?»

እናትዋ እጃቸው በጥላሸት ተለውሶ፣ ፊታቸው በርቶ፣ ሣጥኑን ያሳያሉ። የልጃቸውን ፊት ሲያዩ ግን ብርሃኑ ጠፋ። «አበዛሁት ወይስ አነሰ?» አሉ።

ስንዱ አልተቆጣችም። ሶኬቱን ነቀለች፣ ዓሣውን በመረብ ቀዳች፣ የተበጠበጠ ጨው ውሃ ባለበት ባልዲ ውስጥ አኖረችው፣ የባትሪውን አየር መንፊያ ከተተች። ዓሣው በጎኑ ተኝቷል፤ ጉንጩ ብቻ ይንቀሳቀሳል። ከዚያ አሮጌውን ስፖንጅ ፈለገች። እትዬ የውብዳር ንጣቱን ሲያሳዩዋት እዚያው መሬት ላይ ተቀመጠች።

«እማ» አለች በመጨረሻ፣ «እርሾሽን ሰው በግራዋ ቢያጥብልሽ ምን ትያለሽ?»

«ውይ!»

«እዚያ ስፖንጅ ላይ የነበረው ያ ነው። በዓይን አይታይም እንጂ ሕይወት አለው። ዓሣው የሚያወጣውን መርዝ እየበላ ውሃውን የሚያድነው እሱ ነው። አሮጌውን ወደ አዲሱ የምከተው እርሾው እንዲተላለፍ ብዬ ነበር።»

እትዬ የውብዳር እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። የእኔን ምሳሌ ሰምተው ዓሣ ሊገድሉ ነበር፤ የእሷን ሰምተው ሁሉም ነገር ባንዴ ገባቸው። አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ገጣሚ ካለ አንዱ ብቻ ነው እውነተኛው።

«ወረቀቱን ለእማ አሳየሃት?» አለችኝ ስንዱ።

ከኪሴ አውጥቼ ሰጠኋት። የመጨረሻውን መስመር አየችው። ገልብጣ ግጥሙንም አነበበች። አጥፋ መለሰችልኝ። ድሮ ቢያንስ ትችት አገኝ ነበር።

ዓሣው ሁለት ሳምንት በባልዲ ታመመ። ያን ጊዜ ያየኋቸው እትዬ የውብዳር ቀድሞ የት እንደነበሩ አላውቅም። ጎሕ ሲቀድ ተነሥተው፣ ጸሎታቸውን አድርሰው፣ ባልዲው ላይ ያጎነብሳሉ። ጨው መበጥበጥ ከስንዱ ተማሩ። እሷ በመለኪያ ታየዋለች፣ እሳቸው በምላሳቸው ጫፍ ይነኩታል፤ «ትንሽ ይጎድለዋል» ካሉ መለኪያውም ይጎድለዋል ይላል። ውሃው ሊበላሽ ሲል አሽትተው ያውቃሉ። ድፍድፍ ሲያዳምጡ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ዝም ያለ ነገር ውስጥ የሚሆነውን መስማት ለሳቸው አዲስ አይደለም። ማጣሪያውን ስንዱ በሙቅ ውሃ ደጋግማ አለቅልቃ፣ ሸክላውን ፀሐይ ላይ አስጥታ ጭሱን አስለቀቀችው። ከሣጥኑ ወለል ላይ ከተረፈው ድንጋይ እርሾ ወሰደችና እንደገና ጀመሩ። መሪጌታ ጣሳቸውን ይዘው ሲጠብቁ፣ «ዓሣው ይቅደም፤ እሱ በሽተኛ ነው» ተባሉ።

«እኔንስ ጤነኛ ያለኝ ማን ነው?» አሉ መሪጌታ። የሰማቸው የለም።

በአሥራ አምስተኛው ቀን ዓሣው ወደ ሣጥኑ ተመልሶ ቀና ብሎ ዋኘ። ማጣሪያው ሳያጉረመርም ይሠራል፤ ውሃው ዕለት ዕለት ይጠራል። ዓሣው ካለ ስንዱ አለች፤ ዓሣው አለ፤ ስለዚህ ብዬ ደመደምሁና ሌሊቱን እንደ ሕፃን ተኛሁ። ከተናገረችው ውስጥ ግማሹን ረስቼ ኖሯል። «እዚህ እሱን የሚያውቅልኝ ሰው የለም» ብላም ነበር።

ያስታወስሁት እሷ ስትነግረኝ ነው። እናትዋ ስፖንጁን በዓሣው በራሱ ውሃ ሲያለቀልቁ በሩቁ እያየች፣ «ጓደኛዬ እንደገና ደወለች» አለችኝ። «ቤቱ አልተያዘም። እሄዳለሁ ብያታለሁ።»

«ዓሣውስ?»

«እማ ታውቅበታለች። ከእኔ በላይ።»

«ማጣሪያው ቢበላሽስ?»

«ይኼኛው አይበላሽም። አንተ የመረጥኸው ነው፤ ጠንካራ ነው።» ሳቀችልኝ። ያመሰገነችኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

እናትዋ ሲነገራቸው አላለቀሱም። ስፖንጁን ወደ ቦታው መልሰው፣ ክዳኑን ገጥመው፣ «እንግዲያስ ጨዉ እንዳያልቅ ላኪ» አሉ።

ልትሄድ አንድ ቀን ሲቀራት፣ ከሰዓት በኋላ፣ ጠላ ቤቱ ውስጥ ብቻዬን ነበርሁ። አሁን የምነግራችሁን ለማንም አልተናገርሁም። አጎንብሼ ሶኬቱን ያዝሁት። ለዘለዓለም አይደለም፤ አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ውሃው ትንሽ እስኪደፈርስ። «ማጣሪያው እምቢ አለ» ብል ሳምንት ትቀር ነበር። ሳምንት ብዙ ነው። ዓሣው በመስተዋቱ በኩል መጥቶ ፊት ለፊቴ ቆመ። እጄ ሶኬቱ ላይ፣ ዓይኔ ዓሣው ላይ ሆኖ ሳለ፣ ማጣሪያው ጸጥ አለ።

አልነቀልሁትም። እምላለሁ። መብራት ጠፍቶ ነው።

ለካ የአገሬ መብራት ሐሳቤን አውቆ ኃጢአቱን ሊሸከምልኝ ፈልጓል። ግን ትንፋሼን ሳልመልስ እትዬ የውብዳር በሩጫ ገቡ። ጋቢያቸውን ከትከሻቸው ገፈው ሣጥኑን ጠቀለሉ፣ በጣሳ ውሃውን እየቀዱ ከላይ ያንቆረቁሩት ጀመር፤ አየር እንዲያገኝ።

«አንተ ደግሞ እዚያ ሥር ምን ትሠራለህ? ና ጋቢውን ያዝ!»

ጋቢውን ያዝሁ። ሁለት ሰዓት ያህል ያዝሁ። እሳቸው ክንዳቸው ሲዝል ጣሳውን ወደ ግራ እጃቸው እያዛወሩ ሳያቋርጡ ይቀዳሉ፣ ያንቆረቁራሉ። ቀና ስል ስንዱ በሩ ላይ ቆማ ታያለች። በሽተኛዋን ለጎበዝ ሐኪም አስረክባ የምትወጣ ሰው ፊት ነበራት። ቢቸና ላይ የያዛት የመጨረሻው ክር እዚያ በር ላይ ሲበጠስ ጋቢ ይዤ አየሁት።

በማግስቱ ጠዋት መናኸሪያ ሸኘናት። ለእናትዋ ዓሣውን አደራ ሰጠች፤ ለእኔ እናትዋን። ለእሷ የሚሆን ነገር አዘጋጅቼ ነበር፤ አሥራ ሁለተኛውን። መኪናው ሲነሣ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ አሁንም እዚያው ነው።

ይኸው ሦስት ወር ሆነ። ውሃው ከመጥራቱ የተነሣ ዓሣው አየር ላይ የተሰቀለ ይመስላል። ከሌላ ሰፈር ሳይቀር ሊያዩት ይመጣሉ፤ ስለ እሳት የሚቀልድ ጠጪ ካለ እትዬ የውብዳር ጣሳውን ይነጥቁታል። እሁድ እሁድ ስንዱ ትደውላለች። ኔትወርክ ካለ ነው። መጀመሪያ የምትጠይቀው ዓሣውን ነው።

ባለፈው እሁድ ስልኩን እኔ ይዤላቸው እንዲህ ሲሉ ሰማሁ፤ «ደህና ነው፣ አትስጊ። ውሃው እንደ ምንጭ ጠርቷል። አንቺ ብቻ ደህና ሁኚ።» ስልኩ ተዘጋ። እሳቸው ሣጥኑ ፊት በርጩማ ላይ እንደተቀመጡ ናቸው።

«አንተ ልጅ።»

«አቤት፣ እትዬ።»

«ደፍርሷል… አሞታል ዓሣው… ብላት፣ ትመጣ ይሆን?»

መሬት መሬት አየሁ። ውሸት ነገር ለማሳመር ብዙ ዓመት የደከምሁ ሰው ነኝ፤ ያን ሰዓት ግን አንድም አልመጣልኝም።

«ትመጣለች፣ እትዬ» አልኋቸው።

ዓሣው አንድ ጊዜ ዞረ፣ ሁለት ጊዜ ዞረ። ከዚያ ተነሥተው በነጠላቸው ጫፍ መስተዋቱን ወልወል አደረጉና፣

«እንግዲያስ አንላትም» አሉ።